ተማሪን ወደ ሳይንስ የሚስብ ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

የሳይንስ ክበብ የሚያቋቁም መምህር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው የታላላቅ ሳይንቲስቶችን ፎቶ ግድግዳ ላይ በመለጠፍ ነው። ክፋት የለውም። ተማሪውን ይዞ የሚያስቀረው ግን መጽሐፉ ከሚለው የተለየ ነገር በገዛ እጁ ለክቶ ሲያገኝ ነው። በዚህ በኩል የሰሜን ሸዋ ደጋ መምህራን ታድለዋል። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ይላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ግን 91 ሳይደርስ ይንተከተካል።

ለሥራው እስከ 110 ዲግሪ የሚያነብ ባለ ቀይ ፈሳሽ ቴርሞሜትር፣ ድስት፣ አንድ ሊትር ውሃ፣ ስቶቭ፣ ክርና ቀጭን እንጨት ይበቃል። ብርማ ፈሳሽ ያለበትን ቴርሞሜትር ለተማሪ አትስጡ፤ ውስጡ ያለው ሜርኩሪ ነው፣ ቢሰበር ትነቱ መርዝ ነው። ያላችሁ ከሰል ብቻ ከሆነ ደጅ ሥሩ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያወጣው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ግን ይገድላል።

መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን ፈትሹት። የተፈጨ በረዶ ጥቂት ውሃ ጨምራችሁበት ቴርሞሜትሩን 4 ደቂቃ ያህል አቆዩበት፤ 0 ማሳየት አለበት። 1 ካሳየ ከሚመጣው ንባብ ሁሉ 1 ይቀነስ። ቀዩ ፈሳሽ መሐል ላይ ተቆራርጦ ክፍተት ካሳየ ደግሞ ንባቡ አይታመንም፤ ሌላ ፈልጉ።

እሳቱ ከመለኮሱ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን በደብተሩ ይጻፍ። ይህን አትዝለሉት። ግምቱን ያልጻፈ ተማሪ ውጤቱ ሲመጣ «አውቄው ነበር» ብሎ ያልፋል፤ «100» ብሎ የጻፈው ግን ለምን እንደሳተ ሳይጠይቅ አያድርም። መምህሩም መልሱን አስቀድሞ ከተናገረ ሥራው እዚያው ላይ አለቀ ማለት ነው።

ቴርሞሜትሩን በክር ከእንጨቱ ጋር አስራችሁ፣ ጫፉ ከድስቱ ወለል 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ውሃው ውስጥ እንዲንጠለጠል አድርጉ። ወለሉን ከነካ የድስቱን ሙቀት ያነብና ቁጥሩ ከፍ ይላል። ውሃው ከዳር ዳር ሲንተከተክ፣ ዓይንን ከፈሳሹ ጫፍ ጋር ትክክል አድርጎ በየደቂቃው አንዴ፣ በድምሩ አምስት ጊዜ ማንበብ ነው። ከላይ ወደ ታች እያዩ ማንበብ አንድ ዲግሪ ያህል ሊያስት ይችላል። አንባቢው፣ መዝጋቢውና እሳት ጠባቂው በየዙሩ ይቀያየሩ፤ ሴቶቹ ሁልጊዜ መዝጋቢ ሆነው እንዳይቀሩ።

ቁጥሩ 90 ወይም 91 ላይ ቆሞ አልነቃነቅ ሲል «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» የሚል አይጠፋም። ቀድሞ በበረዶ መፈተሹ የሚጠቅመው አሁን ነው። ምክንያቱን ከዚህ በኋላ ንገሯቸው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በግርድፉ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ያህል ናት፤ ለ300 ሲካፈል ወደ 9.5 ይመጣል። ጣርማ በርን አልፎ ቆላ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት ወደ 1,280 ሜትር ስለሆነች እዚያ 96 ገደማ መሆን አለበት። እዚያ ካለ ትምህርት ቤት ጋር በስልክ ተነጋግራችሁ በአንድ ቀን ለኩ፣ ቁጥር ተለዋወጡ።

አሁን እሳቱን አብዙት። ውሃው ቶሎ ይተንናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ቤታቸው ኩበትና የባህር ዛፍ እንጨት የሚነድ ልጆች የዚህን ትርጉም ለማንም ሳይጠይቁ ይረዱታል፤ ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ የሚጨመረው ማገዶ ንፍሮውን አያፈጥነውም።

ቀጣዩ ጥያቄ ከዚያው ከንፍሮው ይመጣል፦ ባቄላ ዘፍዝፎ መቀቀል ስንት ደቂቃ ያተርፋል? ከአንድ ነጋዴ፣ ከአንድ ጆንያ የተገዛ 200 ፍሬ ቁጠሩ፤ የቆየ ባቄላ ከአዲሱ ይልቅ ስለሚጠጥር መቀላቀል የለበትም። 100ውን 12 ሰዓት ዘፍዝፉ፣ 100ውን በደረቁ ተዉት። በእኩል ድስት፣ በሁለት ሁለት ሊትር ውሃ፣ ሁለቱንም ከድናችሁ ቀቅሉ። ከፈላበት ጊዜ ጀምሮ በየ15 ደቂቃው ከየድስቱ አምስት ፍሬ አውጥቶ በሁለት ጣት መጨፍለቅ፤ ከአምስቱ አራቱ ከላሙ በስሏል ብሎ መመዝገብ። ውሃ ሲያንስ የፈላ ጨምሩ፤ ቀዝቃዛ ከተጨመረ መፍላቱ ይቋረጥና ሰዓቱ ይዛባል። ሁለት ቡድን የተለያየ ቁጥር ቢያመጣ ማንንም «ተሳስተሃል» አትበሉ፤ የክዳኑን፣ የእሳቱንና የሰዓቱን ልዩነት ራሳቸው ይፈልጉ።

የሳይንቲስቶችን ታሪክ መንገር ከዚህ በኋላ ይጥማል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ሌላው ሰው ዘወትር እያየ የሚያልፈውን ነገር እሳቸው ለምን ብለው ጠየቁና እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አሳዩ። ባቄላ ሲጨፈልቅ የዋለ ልጅ ይህን ታሪክ የሚሰማው በሌላ ጆሮ ነው።

ከሥራው በኋላ ሳይጠሩ የሚቀሩና «በሽንብራስ?» የሚሉ ሁለት ሦስት ልጆች አይጠፉም። እነሱን ወደ ደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲው ለመውሰድ በደብዳቤ ጠይቁ። ከመሄዳቸው በፊት እያንዳንዳቸው ሦስት ጥያቄ ይጻፉ፤ አንዱ የግድ «እስካሁን መልስ ያላገኛችሁለት ነገር ምንድን ነው?» የሚል ይሁን። ባዶ እጃቸውን ከሄዱ ሕንጻ አይተው ይመለሳሉ፤ የልኬት ደብተራቸውን ይዘው ከሄዱ ግን ተመራማሪው ራሱ ቁጭ ብሎ ቁጥራቸውን ያያል፣ የት ጋ እንደሚጠራጠርም ይነግራቸዋል።