በባቄላና በሽምብራ የፓርቲ ምርጫ፦ የአየር ንብረት ሕግ መሪ ሲጥል በክፍል ውስጥ እንዴት እንደማስተምር

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አቅራቢያ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። አንድ የአየር ንብረት ሕግ ፓርቲን እንዴት ለሁለት እንደሚከፍል የማስረዳበትን መንገድ ለሙያ ባልደረቦቼ ላካፍል። የሚያስፈልገው አንድ ጣሳ፣ አንዳንድ እፍኝ ባቄላ፣ ሽምብራና አተር፣ አንዲት ፍሬ በቆሎ እና ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው። ተማሪዎቹ 84 ቢሆኑ መልካም ነው። እኔ ሁለት ክፍሎችን አንድ ላይ አስቀምጣለሁ።

84 የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2009፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 22 ቀን 2002፣ ተቃዋሚው ሊበራል ፓርቲ መሪውን ለመምረጥ ሲሰበሰብ ድምፅ የሰጡት 84 የምክር ቤት አባላት ነበሩ። ስሙ እንዳያሳስታችሁ፤ በዚያ አገር ሊበራል የሚባለው ወግ አጥባቂዎች የሚበዙበት ፓርቲ ነው።

ከጠቡ በፊት ሕጉን አስተምሩ። በመጀመሪያው ዓመት ይህን አላደረግሁም፤ ሕጉን የደገፈውን የፓርቲውን መሪ ማልኮም ተርንቡልን ጥሩ ሰው፣ ሕጉን ተቃውሞ ለመሪነት የተወዳደረውን ቶኒ አቦትን ክፉ ሰው አድርጌ ተረክሁት፤ ልጆቹም እንደ ተረት ሰምተው ወጡ። አሁን የምጀምረው ከከሰል ነው። በካራ መንገድ ዳር ከሰል የሚሸጡትን እናቶች የማያውቅ ተማሪ የለኝም። በሰፈሩ በወር ከ20 ጆንያ በላይ ከሰል እንዳይነድ ተወሰነ እንበል እላቸዋለሁ። ሃያ የፈቃድ ወረቀት ይዘጋጃል፤ ማንደድ የፈለገ ይገዛል፤ የተረፈው ለሌላው ይሸጣል፤ የወረቀቱም ቁጥር በየዓመቱ ይቀንሳል። የጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ራድ የሌበር መንግሥት ያቀረበው ረቂቅ በመሠረቱ ይህ ነው፤ ልዩነቱ ወረቀቱ የሚገዛው ለሚለቀቅ በካይ ጋዝ፣ የሚገዙትም ትልልቅ የኃይል ማመንጫዎችና ፋብሪካዎች መሆናቸው ነው።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አምና አንዲት ተማሪ ተነሥታ፣ «እናቴ እንጀራ ጋግራ ነው የምታሳድገን፤ ወረቀቱን ከየት አምጥታ ትገዛለች?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ፓርቲውን የሰነጠቀው ጥያቄ ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም። ዋጋውን በመጨረሻ የሚከፍለው ማን ነው? ረቂቁ ለዚህ የራሱ መልስ ነበረው፤ ለአንዳንድ ኢንዱስትሪዎች ነጻ ፈቃድ፣ ለቤተሰቦች ድጎማ። ተርንቡል ደግሞ ተደራድሮ ለኢንዱስትሪው ተጨማሪ ማካካሻ አስገኘና ሕጉን ለመደገፍ ተስማማ። ከአመራሩ ብዙዎቹ ሥልጣናቸውን የለቀቁት በዚህ ስምምነት ተቆጥተው ነው።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ተማሪ ሚናው የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ስጡ። አንዱ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ያለበት አካባቢ ተመራጭ ይሁን፣ ሌላው የገበሬዎች፣ ሌላው የባሕር ዳርቻ ከተማ። ከዚያ ድምፅ ይስጡ፤ ባቄላ ለአቦት፣ ሽምብራ ለተርንቡል፣ አተር ለሦስተኛው ተወዳዳሪ ለጆ ሆኪ። ፍሬው በተጨበጠ እጅ ወደ ጣሳው ይግባ፤ ምስጢሩ ካልተጠበቀ ሁሉም ወደ ጓደኛው እያየ ይመርጣል። የራሳቸውን ውጤት ከቆጠሩ በኋላ እውነተኛውን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። በመጀመሪያው ዙር አቦት 35፣ ተርንቡል 26፣ ሆኪ 23። ሆኪ ወጣ። በሁለተኛው ዙር አቦት 42፣ ተርንቡል 41። ደምሩት ስትሏቸው 83 ይሆንባቸዋል። ያን ጊዜ በቆሎዋን አንሡ። አንድ ሰው በወረቀቱ ላይ «አይ» ብሎ ጽፎ ነበርና ድምፁ አልተቆጠረም።

በማግስቱ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ረቂቁን 41 ለ33 ጣለው። አስተማሪዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ያቆማሉ፤ እኔ ግን ዋናውን ትምህርት የማገኘው ከዚህ በኋላ ነው። ከ41ዱ ውስጥ አምስቱ የአረንጓዴ ፓርቲ አባላት ነበሩ። እነርሱ የተቃወሙት ሕጉ ለበካዮች ያደላ፣ የላላ ነው ብለው ነው። አምስቱ ወደ ድጋፍ ቢዞሩ ውጤቱ ስንት ይሆን ነበር? ተማሪዎች ራሳቸው ያስሉት፤ 38 ለ36። ከፓርቲያቸው ውሳኔ የወጡ ሁለት የሊበራል አባላትም ሕጉን ደግፈዋል። ጥሩና ክፉ ብሎ የከፈለ ተማሪ እዚህ ላይ ክፍፍሉ ይፈርስበታል።

የቀጣዩን ዘመን በአጭሩ ንገሯቸው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ራድ ዕቅዱን በ2010 ለሌላ ጊዜ አስተላለፈ፤ በዚያው ዓመት መሪነቱን ለጁሊያ ጊላርድ ለቀቀ። የእርሷ መንግሥት በ2012 በአንድ ቶን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 23 የአውስትራሊያ ዶላር ተመነ። አቦት ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን በ2014 አሰረዘው። ተርንቡል ተመልሶ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በ2018 ግን እንደገና የኃይልና የልቀት ፖሊሲ ጠብ በፓርቲው ተነሣ። የልቀት ግቡን በሕግ መደንገጉን ቢተወውም ወንበሩ አልዳነለትም፤ ስኮት ሞሪሰን ፒተር ዳተንን 45 ለ40 አሸንፎ ተተካ።

የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ለጽሑፍ ተዉ፤ እያንዳንዱ ተማሪ በከሰሉ ሕግ ላይ አንድ ማሻሻያ ያቅርብ። ያቺ ተማሪ፣ እንጀራ ጋግረው ለሚኖሩ ወረቀቱ በነጻ ይሰጥ ብላ ጻፈች። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ አንብቦ ከሥሩ ጨመረበት፦ «ለሁሉም በነጻ ከተሰጠ ጭሱ መቼ ይቀንሳል?» ደወሉ ሲደወል ሁለቱም እየተከራከሩ ወጡ።