ለትልቅ ቤት ተጠባባቂ ጄኔሬተር ሲያስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አብዛኛው ጥፋት የሚፈጸመው ማሽኑ ገና ግቢ ሳይገባ ነው። ቤቱ ትልቅ ስለሆነ ጄኔሬተሩም ትልቅ ይሁን ይባላል፤ ጭነቱን በወረቀት ያሰላ ግን የለም።

ጭነቱን ሳይደምሩ መግዛት

መብራት ሲጠፋ የግድ መሥራት ያለባቸውን ዕቃዎች ብቻ ይመዝግቡ፤ ዋታቸው በላያቸው በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ይገኛል። ለምሳሌ መብራትና ሶኬት 1.5 ኪሎዋት፣ ፍሪጅና ፍሪዘር 0.8፣ የውሃ ፓምፕ 1.5፣ ሁለት ኤር ኮንዲሽነር 3፤ ድምሩ 6.8 ኪሎዋት ይሆናል። ቦይለሩን ይተዉት። ብቻውን ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት ይወስዳል፤ የሞቀው ውሃ ደግሞ ለሰዓታት ሙቀቱን ይዞ ይቆያል።

የጄኔሬተር አቅም ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በኬቪኤ (ቮልት በአምፔር ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል) ስለሆነ ኪሎዋቱን ለማግኘት በፓወር ፋክተሩ (ከኬቪኤው ምን ያህሉ ሥራ ላይ እንደሚውል በሚያሳየው ቁጥር) ያባዙት፤ 0.8 ከሆነ 15 ኬቪኤ ማለት 12 ኪሎዋት ነው። የቦታው ከፍታም አቅሙን ይቀንሳል፦ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር አምራቹ ካስቀመጠው ከፍታ በላይ በየ300 ሜትሩ ከ3 እስከ 4 በመቶ ጉልበት ያጣል።

የሞተርን አነሳስ መርሳት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፓምፕና ኮምፕረሰር ሲነሱ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ከረንት ይስባሉ። ጄኔሬተሩ ያን ካልቻለ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ኮንታክተሮች (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ይለቃሉ፣ የፓምፑ ወይም የኮምፕረሰሩ ሞተርም ሳይነሳ እየጮኸ ይግላል። ስለዚህ ሻጩን ኪሎዋቱን ብቻ ሳይሆን ማሽኑ ስንት ኬቪኤ የሞተር ማስነሻ እንደሚችልና ቮልቴጁ በስንት በመቶ እንደሚወርድ ይጠይቁት። ኤር ኮንዲሽነሮቹና ፓምፑ በታይመር ሪሌይ (ሰዓት ቆጥሮ በሚያበራ ማብሪያ) 30 ሰከንድ እየተለያዩ ቢነሱ፣ ፓምፑም ሶፍት ስታርተር (ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ መሣሪያ) ቢኖረው፣ አነስ ያለ ማሽን ሊበቃ ይችላል።

ከልክ በላይ ማተለቅ

ናፍጣ ሞተር ለረጅም ጊዜ ከ30 በመቶ በታች ሲጫን በቂ ሙቀት አያገኝም። ያልተቃጠለ ነዳጅና ጥቀርሻ በጭስ ማውጫው ይከማቻል፣ ጉልበቱም ይደክማል። የዘወትር ጭነቱ ከአቅሙ ከ50 እስከ 75 በመቶ ቢሆን መልካም ነው። ከላይ ያለው 6.8 ኪሎዋት በ12 ኪሎዋት ማሽን ላይ 57 በመቶ ገደማ ይሆናል።

ጄኔሬተሩ ባለ 3 ፌዝ (ኃይሉን በሦስት መስመር የሚያወጣ) ከሆነ 15 ኬቪኤው ለሦስት ይከፈላል፤ በ230 ቮልት ለአንድ ፌዝ የሚደርሰው 22 አምፔር አካባቢ ብቻ ነው። ፓምፑንና ሁለቱን ኤር ኮንዲሽነሮች አንድ ፌዝ ላይ ማሰር ሌሎቹ ሁለቱ ባዶ ሆነው ሳለ ብሬከሩን ያስጥላል።

ያለ መቀያየሪያ ማገናኘት

በሁለቱም ጫፍ ስፒና ባለው ገመድ ቤቱን በሶኬት በኩል መመገብ ሰው ይገድላል። ኃይሉ በቆጣሪው አልፎ ወደ ትራንስፎርመር ይመለሳል፤ እዚያ ወደ ሺዎች ቮልት ከፍ ብሎ መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ያገኘዋል። ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ መሥራትም ዋስትና አይሆንም፤ አንድ ቀን መርሳቱ አይቀርም። አንዱ ሳይለቅ ሌላው የማይገናኝበት መቀያየሪያ፣ በእጅ የሚሠራም ይሁን አውቶማቲክ፣ የግድ ነው። የጄኔሬተሩ ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) በራሱ ላይ ከግራውንድ (ከመሬት ሽቦው) ጋር ከታሰረ መቀያየሪያው ኒውትራሉንም የሚቀይር ይሁን፤ ለ3 ፌዝ ባለ 4 ፖል (ሦስቱን ፌዝና ኒውትራሉን አብሮ የሚቀይር) ማለት ነው። የተመረጡትን ጭነቶችም በተለየ ማከፋፈያ ሳጥን ያውጧቸው። አውቶማቲኩም ቢሆን ለጥቂት ሰከንዶች ስለሚዘገይ ኮምፒውተር ዩፒኤስ (ኃይል ሲቋረጥ ወዲያው የሚተካ የባትሪ መሣሪያ) ያስፈልገዋል።

ቦታና ነዳጅ

ጋራዥም ሆነ በረንዳ ውስጥ በጭራሽ አያስቀምጡት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የጭስ ማውጫው ከመስኮት፣ ከበርና ከአየር ማስገቢያ ይራቅ። ከራዲያተሩ የሚወጣው ሙቅ አየርም ግድግዳ መትቶ መመለስ የለበትም።

ናፍጣ በጥሩ ጭነት ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ0.3 እስከ 0.35 ሊትር ይበላል፤ 6.8 ኪሎዋት ለ24 ሰዓት ከ49 እስከ 57 ሊትር ይጠይቃል። ጋኑን በዚህ ይለኩት፤ ለዓመታት የሚቀመጥ ነዳጅ ግን አያከማቹ፤ ውሃ ይይዛል፣ ፊልትሮ ይደፍናል።

ባትሪውን መርሳት

ተጠባባቂ ጄኔሬተር እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው። ቻርጀሩ ሁልጊዜ የተሰካ ይሁን፤ ባትሪውንም ሳይሞት በየ3 ዓመቱ ገደማ ይቀይሩት። በወር አንድ ጊዜ ለ30 ደቂቃ የቤቱን ጭነት አሸክመው ያስነሱት። ያለ ጭነት ማስነሳት መነሳቱን እንጂ መሸከሙን አያሳይም።