የሰው ራስ ቅርጽ ከስቶንዌር ጭቃ በእጅ እንዴት ይሠራል?

ስቶንዌር ከ1200 እስከ 1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲቃጠል እንደ ድንጋይ የሚጠነክር የሸክላ ዓይነት ነው። በዚህ ጭቃ ግማሽ ሜትር ያህል ቁመት ያለው የሰው ራስ ለመሥራት የተነሣ ሰው ከመልኩ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው የግድግዳው ውፍረት ነው፤ ድፍን ሆኖ የተሠራ ራስ ውጪው ደርቆ ውስጡ እርጥብ ስለሚሆን ከእሳት በደኅና የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው።

ጭቃው የተፈጨ ገል የተቀላቀለበት ይሁን። ገሉ አስቀድሞ በእሳት ያለፈ በመሆኑ ከጭቃው ጋር አይኮማተርም፤ ለእርጥበቱም መውጫ ይከፍታል። መጀመሪያ እጅ ላይ ቢቆረቁርም፣ ቅርጹ ጠንከር ሲል በማንኪያ ጀርባ ከታሸ ለስላሳ ፊት ይወጣዋል።

ሥራው ከአንገት ይጀምራል። አውራ ጣት የሚያህል ጥቅልል በመዳፍ አድቦልቡሎ፣ የታችኛውን ጠርዝ በሹካ ጭሮ፣ በውሃ የቀጠነ ያንኑ ጭቃ ቀብቶ፣ ጥቅልሉን ካሳረፉ በኋላ ከውስጥም ከውጭም በጣት ወደ ታች እየሳቡ ማዋሐድ ያስፈልጋል። ከአራት ወይም ከአምስት ዙር በኋላ ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ የታችኛው ክፍል እስኪጠና መጠበቅ ግድ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ አገጩን ገና ባልጠና አንገት ላይ ጫንኩትና በማግስቱ ጠዋት ስመለስ ራሱ ወደ ፊት ተደፍቶ፣ ማጅራቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ አገኘሁት።

አፍንጫንና ቅንድብን ከውጭ ከመለጠፍ ይልቅ እጅ ወደ ውስጥ እየገባ ሳለ ከውስጥ ገፍቶ ማውጣት ይሻላል፤ ግድግዳው በየቦታው አንድ ተኩል ሴንቲሜትር ያህል ሆኖ ይቆያል፣ ፊቱም ከአጥንቱ የወጣ ይመስላል። አናቱ የሚዘጋው ከሁሉ በኋላ ነው፤ የአንገቱ ሥር ግን ክፍት ይቀራል።

የተጠናቀቀው ቅርጽ በፌስታል ተሸፍኖ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ቀድመው የሚደርቁት ጆሮና አፍንጫ በተለይ ይሸፈኑ። ጉንጭ ሲያስነኩት የሚቀዘቅዝ ከሆነ ውሃው ገና አላለቀም። በእሳት ውስጥ ለሚፈነዳ ቅርጽ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው የታፈነ አየር ቢሆንም ዋናው ምክንያት ወደ እንፋሎት የሚለወጠው ውሃ ነው፤ ስለዚህ ምድጃውን ከ100 ዲግሪ በታች ለሰዓታት ማቆየት ይገባል። በጭቃው ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን 573 ዲግሪ ላይ መጠኑ በድንገት ስለሚለወጥ፣ ሙቀቱ ሲወጣም ሲወርድም በዚያ አካባቢ እንዳይፈጥን መጠንቀቅ፣ ምድጃውንም ከ100 ዲግሪ በታች ሳይወርድ አለመክፈት ነው።