የሥራ ስንብት ክፍያ አልሰጥም ሲሉ፦ ችግርና መፍትሄ

ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ለፈታ ሰው በየወሩ የሚቆረጥ ድጎማ የለም። ጎንደር ፒያሳ ያለ ሆቴል ሠራተኛ ሲቀንስ ወይም አዘዞ ያለ ወርክሾፕ ሲዘጋ፣ ተሰናባቹ የሚይዘው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገውን የስንብት ክፍያ ነው። የመንግሥት ሠራተኛና የቤት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ አይተዳደሩም።

«ራስህ ነህ የለቀቅኸው፣ አይገባህም» ካሉ

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ወረቀት ናት። አሠሪው «ለስምህ ይሻላል፣ መልቀቂያ ጻፍ» ይላል፣ ሠራተኛውም ይጽፋል። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው ግን የስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለ ነው፤ ለዚያውም በሥልጠና ውል የገባው የማገልገል ግዴታ ከሌለበት። ስለዚህ ካሰናበቷችሁ የስንብት ደብዳቤውን እነሱ ይጻፉ። የለቀቃችሁት በበደል፣ በጾታዊ ትንኮሳ ወይም ለደኅንነት አስጊ የሆነ ነገር ሳይስተካከል ቀርቶ ከሆነ ምክንያቱን በደብዳቤው ላይ በግልጽ አስፍሩ። «በግል ጉዳይ» ብሎ መጻፍ ነገሩን ያበላሻል። በዚህ መንገድ የመልቀቅ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ያበቃል።

ገንዘቡ ካነሰ

ብዙ ሰው «በዓመት አንድ ወር» ብሎ ያሰላል፤ ሕጉ እንዲህ አይልም። ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታከላል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። የቀን ደመወዙ 200 ብር የሆነና 4 ዓመት የሠራ አስተናጋጅ፦ 6,000 ሲደመር 3 ጊዜ 2,000፣ በድምሩ 12,000 ብር።

አሠሪዎች የሚዘሉት ቀጥሎ ያለውን ነው። ድርጅቱ ከተዘጋ ወይም ሠራተኛ ከተቀነሰ የቀን ደመወዝ 60 ጊዜ ይጨመራል፤ ለዚሁ አስተናጋጅ ሌላ 12,000 ብር ማለት ነው። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ከተሰናበተ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ደመወዝ ለብቻው ይጠየቃል፤ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር ነው።

«ሙከራ ላይ ነበርክ» ካሉ

የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። ወረቀቱን እንዲያሳዩ ጠይቁ።

«ምንም የሚቀረኝ ነገር የለም» ብላችሁ ከፈረማችሁ

ተስፋ አትቁረጡ። ሠራተኛ በሕግ የተሰጠውን መብት ትቻለሁ ቢል አይጸናም። ቢሆንም ከመፈረማችሁ በፊት የወረቀቱን ፎቶ አንሱ።

«ነገ ና» እያሉ ካመላለሱ

ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ከዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊጨምርበት ይችላል። መታወቂያ፣ ዩኒፎርም ወይም ቁልፍ ካልመለሳችሁ ግን መዘግየቱ በእናንተ ይሳበባል፤ መልሳችሁ የርክክብ ፊርማ ተቀበሉ።

ዋናው አደጋ ይርጋ፣ ማለትም መብትን በሕግ የመጠየቂያው ጊዜ ማለፍ ነው። ከስንብት የሚመነጭ ማንኛውም ክፍያ በ6 ወር፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ደግሞ በ3 ወር ይታገዳል። ቢሮ መመላለስ፣ ስልክ መደወል፣ ሽማግሌ መላክ ጊዜውን አያቆመውም። አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ፣ ወይም እናንተ ለከተማው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወይም ለፍርድ ቤት ካመለከታችሁ የጊዜው ቆጠራ ይቋረጣል። ስትሄዱ የቅጥር ውል፣ የደመወዝ ደረሰኝ ወይም የባንክ መግለጫ፣ የስንብት ደብዳቤና የሥራ ልምድ ማስረጃ ያዙ። የጽሑፍ ውል ባይኖርም መብቱ አይጠፋም፤ ደመወዝ በየወሩ ሲገባ የሚያሳየው የባንክ መግለጫ ብዙውን ጊዜ በቂ መነሻ ነው።