መስማት የተሳናቸውን ስንቀርብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጎጃም ለቃል ክብር የሚሰጥ አገር ነው። ዋሸራና ዲማ ቅኔ ሲቆጥሩ የኖሩ ሊቃውንት አገር፣ በእጅና በፊት ገጽታ የሚነገር ቋንቋ፣ የምልክት ቋንቋ፣ እንዳለ ሳያስተውል መኖሩ ያሳዝነኛል። መስማት የተሳናቸው ሰዎች የጆሮ ሕመምተኞች ብቻ አይደሉም፤ የራሳቸው ቋንቋና ወግ ያላቸው ማኅበረሰብ ናቸው። ይህን ካለመረዳት የሚመጡትን ስህተቶች ላንሣ።

ከሁሉ የከፋው ልጅን ያለ ቋንቋ ማሳደግ ነው። ብዙዎቹ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው፤ ሌሎች ደግሞ ማጅራት ገትር ወይም ኩፍኝ ይዟቸው መስማት ያቆማሉ። ከከተማ በራቀ ቀበሌ ያለ ቤተሰብ «ና»፣ «ሂድ»፣ «ብላ»፣ «ከብቱን መልስ» የሚሉ ጥቂት የቤት ምልክቶች ይፈጥርና ተግባባን ይላል። ልጁ ከብት ይጠብቃል፣ ይታዘዛል። አያቱ ሲሞቱ ግን ለምን እንደተለቀሰ፣ ሰውየው የት እንደሄዱ የሚነግረው የለም፤ እሱም «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅበት ምልክት የለውም። አእምሮ ቋንቋን በዓይንም ይቀበላል፤ ምልክት እያየ ያደገ ሕፃን ሌላው ልጅ አፉን በሚፈታበት ዕድሜ በእጁ ይናገራል። ያ ዕድሜ ካለፈ በኋላ የጎደለውን መሙላት እጅግ ከባድ ነው። ጠበል መውሰድ የቤተሰቡ ፈንታ ነው፤ ልጁ እስኪድን ብሎ ቋንቋውን ማቆየት ግን በደል ነው። ትምህርት ቤት ፈልጉለት፤ ከዚያም በላይ መስማት የተሳናቸው አዋቂዎችን አገናኙት፤ እናንተም አብራችሁ ተማሩ።

«ከንፈሬን አይቶ ይረዳኛል» ማለት ሌላው ነው። «ገባ»፣ «ቀባ»፣ «ቀማ»፣ «ገማ» በሉና መስታወት ተመልከቱ፤ ከንፈራችሁ አራቱንም አንድ ያደርጋቸዋል። የሚሰማ ሰው የሚለያቸው በድምፅ ነው፤ መስማት የተሳነው የቀረውን በግምት ይሞላል፣ ያም ያደክማል። መጮኽ ደግሞ የአፍን ቅርጽ ከማበላሸት በቀር አይረዳም። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መምህራን ልጆች በአፍ ብቻ እንዲማሩ ወስነው ምልክት ከየትምህርት ቤቱ ተባረረ፤ ጉዳቱ ትውልዶችን ነክቷል። እኛ ያንን መድገም የለብንም።

የምልክት ቋንቋ አማርኛን በእጅ መተርጎም ነው፣ ወይም በዓለም ሁሉ አንድ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ልክ አይደለም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ከአሜሪካ ሚስዮናውያን ጋር የመጡ ምልክቶች ቢኖሩበትም እዚሁ ያደገ ነው፤ ሰዋስዉም ከአማርኛ ይለያል፤ ቅንድብና የፊት ገጽታ የሰዋስዉ ክፍል ናቸው። የእጅ ፊደሉ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባት ቤቶች በእንቅስቃሴ ይለያል፤ ውብ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ቋንቋውንና የመስማት የተሳናቸውን ባህል በዲግሪ ያስተምራል። ስለዚህ አንድ ተማሪ የጽሑፍ አማርኛ ሲያስቸግረው «ሰነፍ» አትበሉት፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው።

ወጋቸውን አለማወቅ ቀላል የሚመስል ስህተት ነው። ትከሻ በቀስታ መንካት፣ እጅ ማወዛወዝ፣ ወለሉን መምታት፣ መብራት ማጥፋትና ማብራት መጥሪያቸው ነው፤ እንደ ብልግና አትዩት። ሲያወሩ ዓይን ማሸሽ ግን ጆሮን እንደ መድፈን ነው።

የመጨረሻው በአጃቢ በኩል ማናገር ነው። በዕድርም ሆነ በቀበሌ ጉዳዩ የራሳቸው ሆኖ ሳለ አብሮ የመጣውን ዘመድ «ምን ይላል?» ብለን እንጠይቃለን። ባለጉዳዩን እዩት፤ አስተርጓሚው ለቋንቋው ነው የመጣው። ፍርድ ቤት ሲሆን ነገሩ ይከብዳል፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ሂደቱ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት መብት ይሰጠዋል፤ ጥቂት የቤት ምልክት የሚያውቅ የአጎት ልጅ ያንን መብት አይተካም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 30 የምልክት ቋንቋና የመስማት የተሳናቸው ባህል እንዲታወቅና እንዲደገፍ ይጠይቃል፤ ቀጠሮ ከመድረሱ በፊት የሰለጠነ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ካልተገኘም ቀጠሮው እንዲዛወር አመልክቱ።