«ቢያንስ አምስት ዓመት»፦ የከብት እርባታ ቃጠሎ ክስን እንዴት እናንብበው

አሜሪካ ውስጥ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ሥራዬ የተባለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ማስተላለፍ ነው። ምክር መስጠት አይፈቀድልኝም። ችሎቱ አልቆ ኮሪደር ላይ ስንወጣ ግን ሰው ይጠይቀኛል። አንድ ቀን አንዲት እናት እጄን ያዙና «ልጄ፣ ሰው እኮ አልሞተም። የተቃጠለው በረት ነው። እንዴት ቢያንስ አምስት ዓመት ይባላል?» አሉኝ። «ጠበቃውን ይጠይቁት እማማ» አልኳቸው። ጠበቃው ወደ ሌላ ችሎት ሮጦ ነበር። እሳቸው ወረቀቱን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

ይህን የምጽፈው ያን ወረቀት ለያዘ ሰው ነው። ጠበቃ አይደለሁም፣ ጠበቃንም አልተካም። ግን ለጠበቃው ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ካወቃችሁ ግማሹ መንገድ ተሄደ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የወረቀቱን አናት እዩ። «ዩናይትድ ስቴትስ» ብሎ ከጀመረ ክሱ የፌዴራል ነው። የግዛት ስም ካለ፣ ለምሳሌ «የካሊፎርኒያ ግዛት ሕዝብ» ካለ፣ የግዛት ክስ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በፌዴራል ደረጃ ከኅዳር 1987 ወዲህ ለተፈጸመ ወንጀል አመክሮ የሚባል ነገር የለም። በመልካም ጠባይ የሚቀነሰው በዓመት ቢበዛ 54 ቀን ነው። አምስት ዓመት የተፈረደበት ሰው በዚህ መንገድ የሚያተርፈው ቢበዛ 270 ቀን ነው። ቤተሰብ «ግማሹን ጨርሶ ይወጣል» ሲል እሰማለሁ። አይወጣም።

በግዛት ሕግ ቁጥሮቹ ይለያያሉ። ካሊፎርኒያን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። በወንጀል ሕጉ ቁጥር 451 መሠረት ሆን ብሎ ሕንፃ ያቃጠለ 2፣ 4 ወይም 6 ዓመት ይፈረድበታል። ሰው የሚኖርበት ሕንፃ ከሆነ 3፣ 5 ወይም 8 ይሆናል። በሰው ላይ ከባድ የአካል ጉዳት ከደረሰ 5፣ 7 ወይም 9 ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። «ሰው የሚኖርበት» ማለት በዚያች ሰዓት ሰው ነበረበት ማለት አይደለም። መኖሪያ ሆኖ የሚያገለግል ከሆነ ይበቃል። ብዙ የወተት ላም እርባታዎች ደግሞ ላሞቹን የሚያልቡ ሠራተኞች የሚያድሩበት ክፍል አላቸው። ማታ ሠራተኛው ገበያ ሄዶ ነበር የሚለው ክርክር ቅጣቱን ወደ ታች አያወርደውም።

አሁን ወደ እኚያ እናት ጥያቄ ልመለስ። በፌዴራል ክስ ከወረቀቱ ላይ የምትፈልጉት ቁጥር ርዕስ 18፣ ቁጥር 844፣ ፊደል «አይ» ነው (በእንግሊዝኛ 18 U.S.C. § 844(i) ተብሎ ይጻፋል)። በእሳት ወይም በፈንጂ የንግድ ንብረትን ማውደም ወይም ለማውደም መሞከር የሚቀጣው በዚህ ነው። ቅጣቱ ሦስት እርከን አለው። ሰው ካልተጎዳ ከ5 እስከ 20 ዓመት። ሰው ከተጎዳ ከ7 እስከ 40 ዓመት። ሰው ከሞተ ዕድሜ ልክ ወይም የሞት ቅጣት ሊመጣ ይችላል። «ሰው» ሲባል እሳቱን ለማጥፋት የመጣው የእሳት አደጋ ሠራተኛም ይጨመራል። ለኳሹ ማንም እንዳይጎዳ ሌሊት መርጦ ሊሆን ይችላል። ጣሪያው የወደቀው በእሳት አደጋ ሠራተኛው ላይ ከሆነ ግን እርከኑ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ይዘላል።

ሙከራም ከድርጊቱ እኩል ነው። ፈንጂው ባይፈነዳ፣ ክብሪቱ ቢጠፋ፣ ከ5 እስከ 20 ያው ነው።

አምስቱን «ቢያንስ» ዳኛው እንኳ እንደፈለገ አይነካትም። ይህን በደንብ ያስተማረን የኦሪገን የከብት አርቢ አባትና ልጅ ጉዳይ ነው። በ2001 እና በ2006 የለኮሱት እሳት የመንግሥት ግጦሽ መሬት አቃጠለ። በ2012 ጥፋተኛ ተባሉ። ዳኛው አምስት ዓመት በዝቷል ብሎ ለአባትየው 3 ወር፣ ለልጁ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ፈረደ። ሁለቱም ጨርሰው ወጡ። መንግሥት ይግባኝ ጠየቀ፣ ረታም። በ2015 እንደገና አምስት አምስት ዓመት ተፈረደባቸውና ተመልሰው ገቡ። የወጡት በሐምሌ 2018 ፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ሲያደርግላቸው ነው። እነሱ የተከሰሱበት ፊደል «ኤፍ» ነው፣ የመንግሥት ንብረትን የሚመለከተው። የአምስት ዓመቱ ወለል ግን አንድ ነው። ስለዚህ ለጠበቃችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ዓመት ይፈረድበታል?» አይሁን። «‹ቢያንስ ይህን ያህል ዓመት› የሚል ወለል ያለው ክስ የትኛው ነው? በድርድር ሊነሳ ይችላል?» በሉ።

ቀጥሎ ምን እንደተቃጠለ እዩ። በፊደል «አይ» የፌዴራል መንግሥት እጁን የሚያስገባው ንብረቱ ከንግድ ጋር ሲያያዝ ብቻ ነው። በ2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ጆንስ» በሚባለው ጉዳይ ላይ ይህን ግልጽ አድርጎታል። ኢንዲያና ውስጥ አንድ ሰው የዘመዱን መኖሪያ ቤት በተቀጣጣይ ጠርሙስ አቃጠለ። ባለቤቱ የሚኖርበት፣ ለንግድ የማይውል ቤት ስለሆነ ፊደል «አይ» አይመለከተውም ተባለ። ወተት የሚሸጥ እርባታ፣ ማድለቢያ፣ የዶሮ እርባታ ግን ንግድ ነው። ተሽከርካሪም ይገባል። በጥር 2012 ካሊፎርኒያ፣ ኮሊንጋ አጠገብ ባለ ትልቅ የከብት ማድለቢያ 14 የጭነት መኪኖች በአንድ ሌሊት ነድደዋል። አንድም ሕንፃ ባይነካ እንኳ እንዲህ ያለው ድርጊት በዚሁ ፊደል ሥር ይወድቃል።

ክሶች እንዴት እንደሚደራረቡም አንብቡ። ሰዎች የሚደነግጡት እዚህ ነው። ቤንዚን የተሞላና ጨርቅ የተወተፈበት ጠርሙስ በሕጉ ዓይን እንደ ቦምብ ነው። ገና ሳይወረወር፣ ሳይመዘገብ በእጅ መገኘቱ ብቻ እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። እሳትን ሌላ ከባድ ወንጀል ለመፈጸም መጠቀም ተጨማሪ 10 ዓመት አለው። ይህኛው ከሌላው ቅጣት ጋር አብሮ አይቆጠርም፣ ያኛው ካለቀ በኋላ ይጀምራል። አብሮ ያቀደ፣ መኪና የነዳ፣ ቤንዚኑን የገዛ ሰው በማሴር ሲከሰስ ቅጣቱ ከሞት በስተቀር ከለኳሹ እኩል ነው። ደግሞ አለ፦ እርባታውን አቃጥላለሁ ብሎ ስልክ መደወል ወይም መልእክት መላክ። ምንም ሳይቃጠል እስከ 10 ዓመት ሊያስቀጣ ይችላል። ከአሠሪው ተጣልቶ በንዴት የደወለ ሰው ይህን አያውቅም። እባካችሁ ለልጆቻችሁ ንገሩ።

ስለ እንስሳት ድርጅቶች የወጣ ራሱን የቻለ ሕግም አለ። የመጀመሪያው በ1992 ወጣ፣ በኅዳር 2006 ተጠናከረ። ርዕስ 18 ቁጥር 43 ነው። ቅጣቱ ጉዳቱን በዶላር እየለካ ይወጣል። ከ10,000 ዶላር ካለፈ እስከ 5 ዓመት፣ ከ100,000 ካለፈ እስከ 10፣ ከአንድ ሚሊዮን ካለፈ እስከ 20። ሰው ከሞተ እስከ ዕድሜ ልክ። ከፊደል «አይ» የሚለየው የአምስት ዓመት ወለል የለውም። ወረቀታችሁ ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ካሉ ለድርድር ክፍተት ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ይህንንም ጠይቁ።

በእርባታው አያያዝ ተቆጥቶ በር ላይ በሰላም ሰልፍ የሚወጣ ሰው አይፍራ። ሕጉ ራሱ ሰላማዊ ተቃውሞንና አለመግዛትን አይነካም።

«ሽብር» የሚለው ቃልስ? በቅጣት መመሪያው ውስጥ የሽብር ማክበጃ አለ። ቢያንስ 12 ደረጃ ይጨምራል፣ የመጀመሪያ ጥፋቱ የሆነውን ሰው እንደ ልማደኛ ያስቆጥረዋል። የሚሠራው ግን ድርጊቱ መንግሥትን ለማስገደድ ወይም ለመበቀል ሲሆን ነው። በ1997 ኦሪገን፣ ሬድመንድ ውስጥ የፈረስ ቄራ ተቃጠለ፣ አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጠፋ። በዚያው ዓመት በርንስ ላይ የመንግሥት የዱር ፈረስ በረቶች ነደዱ። በ2007 እነዚህን እሳቶች የለኮሰው ቡድን ሲፈረድበት ዳኛዋ ማክበጃውን በጅምላ አልጫነችም፣ እያንዳንዱን ሰውና እያንዳንዱን እሳት ለየብቻ መዘነች። ከሁሉ የረዘመው 13 ዓመት ነበር። ዐቃቤ ሕግ «ሽብር» ስላለ ብቻ ተስፋ አትቁረጡ።

አሁን የኛን ሰው በተለይ የሚነካው ነገር። ዜጋ ካልሆናችሁ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡ። የኢሚግሬሽን ሕጉ ቃጠሎንና ፈንጂን፣ የስልክ ዛቻውን ጨምሮ፣ «አግራቬትድ ፌሎኒ» ከሚላቸው፣ ከአገር ከሚያስባርሩ ከባድ ወንጀሎች ውስጥ አስገብቷቸዋል። ግሪን ካርድ አይከላከልም። ለግዛት ክስም ይሠራል። በ2016 የተወሰነው የ«ቶሬስ» ጉዳይ ይኸው ነው። ሰውየው ከልጅነቱ ጀምሮ እዚህ የኖረ ነው። በ1999 ኒው ዮርክ ውስጥ የቃጠሎ ሙከራ ክስ አመነ። የታሰረው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ የቀረው አምስት ዓመት የውጭ ክትትል ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ ከጉዞ ሲመለስ ድንበር ላይ ተያዘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ3 ድምፅ የግዛቱም ወንጀል ያው ነው ብሎ ከመባረር የሚያድነውን በር ዘጋበት። አንድ ቀን! ይህን ጉዳይ ሳነብ ኮሪደር ላይ «ፈርሞ ዛሬውኑ ቢወጣ አይሻልም?» ያሉኝ አባት ትዝ ይሉኛል። አንዳንዴ አይሻልም። ከ2010 ወዲህ የወንጀል ጠበቃ ደንበኛው የመባረር አደጋ እንዳለበት የመንገር ግዴታ አለበት። ከመፈረም በፊት «ይህ ፊርማ ወደ ኢሚግሬሽን ምን ይዞብን ይመጣል?» ብላችሁ አስጽፉ። በቃል ብቻ አይሁን።

የይርጋውን ነገር በአጭሩ፦ ለአብዛኛው የፌዴራል ወንጀል 5 ዓመት ነው፣ ለቃጠሎ ግን 10። ክሱ በጊዜው ከተመሠረተ ደግሞ መሸሽ አያድንም። የሬድመንዱ ቄራ ጉዳይ ላይ በ2006 የተከሰሰ አንድ ሰው በ2018 ኩባ ላይ ተይዞ በ2022 ጥፋቱን አምኗል።

ቃጠሎው የደረሰባችሁ እናንተ ከሆናችሁስ? እርባታ ያላችሁ ወይም እርባታ ላይ የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። ከቃጠሎ በኋላ ወደ አንድ በረት ገብቼ አውቃለሁ፣ መርማሪ ባለቤቱን ሲያናግር ለማስተርጎም። ሽታው ሳምንት ከልብሴ አልወጣም። ሰውየው ላሞቹን በየስማቸው ይጠራ ነበር። ሕጉ ላሟን እንደ ንብረት ነው የሚቆጥራት፣ የእሷ ሥቃይ ከ5 ወደ 7 አያሻግርም። ለዚያ ያለው ሌላ መንገድ የግዛቶቹ የእንስሳት ጭካኔ ሕግ ነው። ከ2014 ወዲህ በ50ዎቹም ግዛቶች ከባድ ጭካኔ እንደ ከባድ ወንጀል ሊያስከስስ ይችላል። ዐቃቤ ሕጉን ጠይቁት።

እናንተ ማድረግ የምትችሉት ይህ ነው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ምንም አታጽዱ፣ ፍርስራሹንም ሬሳውንም መርማሪዎቹ ሳያዩ አታንሱ። የጠርሙስ ስባሪ፣ የገመድ ቁራጭ፣ የጎማ ዱካ ለእነሱ ማስረጃ ነው። ፈንጂ የሚመስል ነገር ካያችሁ አትንኩ፣ ራቁና ፖሊስ ጥሩ። የጆሮ ቁጥሮችን ከመዝገባችሁ አውጥታችሁ የሞቱትን ለብቻ፣ የተጎዱትን ለብቻ ጻፉ። የእንስሳት ሐኪም ደረሰኝ፣ የድርቆሽና የመኖ ግዢ፣ ከቃጠሎው በፊት የነበረውን የወተት ሽያጭ ሰብስቡ። ጥፋተኛ የተባለው ሰው ካሳ መክፈሉ በሕግ ግዴታ ነው። ቁጥር 43 ላይ ደግሞ የጠፋ የእርባታ ገቢም በግልጽ ተጽፏል። የተቃጠለው በረት ብቻ ሳይሆን ያልታለበው ወተትም ይቆጠራል። ሒሳቡ እስከ ፍርዱ ቀን ካልተጠናቀቀ ዳኛው እስከ 90 ቀን ሊያቆየው ይችላል። ከዚያ በኋላ አዲስ ጉዳት ካገኛችሁ፣ ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን አላችሁ። ያን ቀን ያሳለፉ ሰዎች አይቻለሁ፣ ያሳዝናል።

በፍርዱ ቀን ቆማችሁ የመናገር መብትም አላችሁ። በአማርኛ ተናገሩ። ተከሳሹም ቢሆን በፌዴራል የወንጀል ችሎት እንግሊዝኛ የማይመቸው ከሆነ አስተርጓሚ የሚመደብለት በመንግሥት ወጪ ነው፣ አይከፍልም። የዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው አፍሮ «ይገባኛል» ይላል፣ ከዚያ «ቢያንስ» እና «ቢበዛ» ይምታቱበታል። ዳኛው ሲጠይቅ ጮክ ብላችሁ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። መዝገቡ ላይ ይጻፍላችሁ።