በኢን-ኢር ስትጫወቱ አንዱን ጆሮ አታውልቁ

መድረክ ላይ በኢን-ኢር ሞኒተር (የራሳችሁንና የባንዱን ድምፅ የምትሰሙበት፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ) የምትዘፍኑም ሆነ የምትጫወቱ፣ እባካችሁ አንዱን አውልቃችሁ በሌላው ብቻ አትስሙ። በአንድ ጆሮ ሲሰማ ድምፁ ያነሰ ስለሚመስል ሳታስቡት ቮልዩም ትጨምራላችሁ። ክፍቱ ጆሮ ደግሞ የድራሙንና የስፒከሩን ጩኸት እንዳለ ይቀበላል፤ ስለዚህ ሁለቱም ይጎዳሉ። በ100 ዴሲቤል የሚመከረው ጊዜ በቀን 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል።

ብዙ ጊዜ የሚወልቀው የታዳሚው ድምፅ ስለሚጠፋ ነው። ለዚህ ከመድረኩ ግራና ቀኝ ሁለት ማይክ ወደ ሕዝቡ አዙራችሁ ትከሉና ወደ ኢን-ኢሩ ብቻ ላኩ። ወደ ዋናው ስፒከር ፈጽሞ እንዳይገቡ።

ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) ከጠፋባችሁ ኢኳላይዘር ከመንካታችሁ በፊት ጆሮ ውስጥ የሚገባውን የማዳመጫውን ጫፍ ፈትሹ። ጆሮን በደንብ ካልደፈነ ቀድሞ የሚጠፋው ቤዝ ነው። ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ አስገቡት፤ ፎም ከሆነ በጣት ጨምቃችሁ ካስገባችሁ በኋላ እስኪሰፋ ጥቂት ሰከንዶች ያዙት። ዘፋኞች አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ይሞክሩት፤ ከላላ ሌላ መጠን ያስፈልጋል።

ሚክሰሩ ላይ ወደ ኢን-ኢሩ ድምፅ የሚልከው መስመር (ኦክስ) ፕሪ-ፌደር ይሁን፤ ማለትም ድምፁ ከፌደሩ (ተንሸራታቹ የቮልዩም መቆጣጠሪያ) በፊት ይላክ። ፖስት (ከፌደሩ በኋላ) ከሆነ ሳውንድ ማኑ ለአዳራሹ ፌደር ባንቀሳቀሰ ቁጥር የእናንተም ሚክስ ይለዋወጣል። ሊሚተር (ድምፅ ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ የሚገድበው) ሳይበራ ደግሞ አትጀምሩ፤ ማይክ ሲወድቅ ወይም ገመድ ሲነቀል የሚመጣው ፍንዳታ በቀጥታ ታምቡር ላይ ነው የሚያርፈው። ወገብ ላይ የሚታሰረውን መቀበያም ሁልጊዜ ከዝቅተኛው ቮልዩም ጀምሩ።